አራት ዓመት ያልተወጣ ዳገት

አፀደ ገብረ መድህን አሰላ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በሯ ላይ ቁጭ ብላ ልብስ የምትሰፋ ሴት ናት። የሰው ወገብ ስትለካ፣ የሰው ቀሚስ ስታጠብብና ስታሰፋ ሃያ ዓመት ሞላት። የራሷን ወገብ ግን ለክታው አታውቅም። ለምን ትለካዋለች? ቀሚሱ ሲጠባት በሁለቱም ጎን ጨርቅ ትቀጥልበታለች፤ አለቀ። እየቆየ ከቀሚሱ ይልቅ ቅጥሉ በዛ።

ሰፈሩ በውፍረቷ አልተከፋም። «አፀደ ኑሮ ተስማምቷታል» ነው የሚባለው። እሷም አባቷ ጋ መሄድ ባያቅታት ኖሮ ግድ አልነበራትም። አቶ ገብረ መድህን የሚኖሩት ከዲክሲስ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ሽቅብ ተወጥቶ ነው፤ መኪና አይደርስም፣ ጋሪም አይወጣውም። ከአራት ዓመት በፊት ስትሞክር ግማሹ ጋ ሳትደርስ ትንፋሽ አጠራት። ፈረስ መጣላት። ሁለት ሰው ደግፎ ኮርቻው ላይ አወጣት፤ ፈረሱ ጥቂት ተራመደና ቆመ። ቢጎትቱት፣ ቢለማመጡት፣ ወይ ፍንክች! ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። አፀደ ከፈረሱ ወርዳ ወደ አሰላ ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አላለፈችም።

አባቷ በየሳምንቱ ይደውሉላታል።

«መቼ ነው የምትመጪው?»

«ሥራ በዛብኝ አባባ። እርስዎ ለምን ብቅ አይሉም?»

«እኔማ አረጀሁ ልጄ።»

እውነቱን መናገር አፈረች። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ሳላየው ቢሞቱብኝስ እያለች መቀሱን ይዛ የምትፈዝበት ጊዜ በዛ። በጥምቀት ማግስት ልቧ ቆረጠ፤ ክረምት ገብቶ መንገዱን ጭቃ ሳይውጠው በእግሯ ትወጣለች።

ከተማው ውስጥ ጂም አለ። የወር ክፍያውን ጠየቀች፤ ሲነግሯት አመስግና ወጣች። በዚህ መሀል ዓይኗ ኤፊ ላይ አረፈ። ኤፊ ግቢዋ ውስጥ የተከራየች ሯጭ ናት፤ አንድ ክንድ ጨርቅ ተርፎ የሚያለብሳት ቀጭን። ልጅቷ የምትበላውን ብበላ ምን ይሳነኛል ብላ አፀደ ትሰልላት ጀመር። ኤፊ ጠዋት በሶ በማር በጥብጣ ትጠጣለች፣ ማታ ጭኮ ትበላለች። ገብስ እንደሆነ አርሲ ውስጥ አይጠፋም፤ አፀደም በሶዋን በጠበጠች፣ የገብሱን ዱቄት በቅቤ ለውሳ ጭኮዋን አሰናዳች። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ተንከባክባ ራሷን ቀለበችና፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜትሩን ወገቧ ላይ አዞረችው። ከአሮጌው ቀሚሷ ልኬት ጋር ስታስተያየው አራት ጣት ጨምራለች።

ኤፊ ስትሰማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «አዴ አፀደ፣ እኔ እኮ በሶውን የምጠጣው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሮጬ ነው። እርስዎስ?»

«እኔማ ቁጭ ብዬ።»

ከሳቁ በኋላ ልጅቷ ቁም ነገር አወራች። በሶውም ጭኮውም ይቅር፤ ሻዩ ያለ ስኳር ይሁን፤ ከሳህኑ ግማሹን ጎመን፣ ካሮት ወይ ጥቅል ጎመን ይያዘው፣ ይሄ ገበያው ውስጥ ርካሽ ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ወደ ጭላሎ ተራራ በሚያወጣው ዳገት መራመድ። ዓቢይ ጾም ሲገባ አፀደ ራሷን ታዘበች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹማ፣ ዘጠኝ ሲል የሦስት ሰው ዳቦና ዘይት የጠጣ ድንች ነበር የምታወርደው። ያን አበላልም ተወችው። ዳገቱ ላይ የመጀመሪያው ቀን ሦስተኛው የመብራት እንጨት ጋ ስትደርስ ተደግፋው ቆመች፤ ልቧ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት አራተኛው ጋ ቆመች። እንዲህ እያለች ፋሲካ ሲደርስ እንጨቶቹን መቁጠር ተወች፤ ከቀሚሷም ቅጥሎቹን አንድ በአንድ ፈታች።

ሰፈሩ ግን ደነገጠ። ጎረቤቷ ባለሱቁ ሙህሲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ሐኪም ጋ ሄደሻል?» አላት። የሴቶቹ እድር ሰብሳቢ ወይዘሮ ሸዋዬ ደግሞ አንድ እሁድ አራት ሴቶች አስከትላ፣ ቅቤ የዋኘበት ገንፎ ይዛ ገባች።

«ከሳሽ። ታመሽ ነው ወይስ ቸገረሽ? እኛን ትደብቂናለሽ?»

ለሰው ያዘነ ሰው ያመጣውን ገንፎ እንዴት አድርገው እምቢ ይሉታል! አፀደ ሁለት ማንኪያ ቀመሰችና ማንኪያውን አስቀመጠች። አራት ዓመት ማንም ያልሰማውን ነገር፣ ፈረሱንም ጭምር፣ ዘረገፈችው። ሴቶቹ ፈረሱ ጋ ስትደርስ ሳቁ። አባቷ ጋ ስትደርስ ሸዋዬ የራሷን ጉልበት ዳበሰች። «እኔም ብሆን ቤተ ክርስቲያን ደጁ ላይ ነው የምቀረው፤ ደረጃውን አልችለውም» አለች። በማግስቱ ዳገቱ ላይ ሁለት ሆኑ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ አፀደ ዲክሲስ ድረስ በሚኒባስ ሄደች። ማንንም ፈረስ አልጠየቀችም። ሦስት ጊዜ አርፋ፣ ላብ በላብ ሆና፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ያደገችበት ግቢ በር ላይ ቆመች። አባቷ ደጅ ላይ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ። ፊታቸው ወደ እሷ ነው።

«ማነህ?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባባ። አፀደ።»

እጃቸውን አየር ላይ ዘረጉ፤ ፈለጓት። ያኔ ገባት። ሁለቱም ዓይናቸው ነጭ ጉም ለብሷል። እጃቸው ክንዷን አገኘ፣ ትከሻዋን፣ ጉንጯን ዳበሰ።

«አንቺ ልጅ፣ ማን አስራበሽ?»

«ማንም። መጥቼ እንዳላይዎት ያገደኝ ውፍረቴ ነበር። ሥራ በዛ ያልኩዎት ውሸት ነው። አፍሬ ነው።»

«የዓይን ሞራ ነው፣ አሰላ ከወረዱ ይገፈፋል አሉኝ» አሉ ሽማግሌው። «ጎረቤቱ ሁሉ እንውሰድዎት አለኝ። እኔ ደግሞ አፀደ ትመጣለች፣ ከእሷ ጋር ነው የምወርደው አልኩ። ሁለት ዓመት እንዲህ አልኩ። ስትቀሪ የናቅሽኝ መስሎኝ፣ ለአንቺም አልነገርኩሽ።»

አፀደ አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለቅሶው ሲወጣላት፣ ስትመጣ ያረፈችበት ቦታ ሁሉ፣ ድንጋዩ የበዛበት፣ የሚያዳልጠው፣ አንድ በአንድ ትዝ አላት። ሽማግሌ የያዘ ሰው በየት በኩል እንደሚወርድ አሰበች።

«አባባ፣ ነገ ማለዳ እንውረድ።»

«በምን? ፈረስ ላስፈልግ?»

«አያስፈልግም» አለች፤ «ትከሻዬን ይያዙኝ፣ እኔ ከፊት እሆናለሁ።»