በአንድ ገጽ ይግባ

ኬሪን እኅቷ በአውስትራሊያ ሰሜን ጫፍ፣ ዳርዊን ከተማ ስታገባ ሚዜ ልትሆን ቃል ገብታለች። እንቅፋቱ፣ በደቡብ የምትሠራበትን የጊፕስላንድ የወተት ገበሬዎች ማኅበር የኮምፒውተር ሲስተም ከእሷ በቀር የሚያውቀው አለመኖሩ ነው። እንዴት እንደተሠራ የሚያስረዳ ጽሑፍም የለም። ስለዚህ ሁለተኛ ባለሙያ እንዲቀጠርላት ቦርዱን ጠየቀች።

«ቦርዱ ሥዕል ካላየ አይገባውም» አላት አለቃዋ ላክላን። ፕሮግራሙን አንብቦ ሥዕሉን ራሱ የሚያወጣ መሣሪያ አስገዝቶ ነበር። ኬሪን ቁልፉን ነካች። ሣጥን በሣጥን፣ ቀስት በቀስት ላይ ተደራርቦ ወጣ፤ ድመት የተጫወተችበት የክር ጥቅል መሰለ።

«ምንድነው ይሄ? ልታዋርጂኝ ነው?»

«እኔ አልሣልኩት። ያለው ይሄ ነው።»

«ያለው ቢሆንም በአንድ ገጽ ይግባ። ትንንሾቹን ደብቂያቸው።»

ደበቀች።

«እነዚህ የሚጠላለፉትስ?»

የወተት መኪኖቹን ጉዞ የሚያወጣው ክፍል ጠፋ።

«ይሄ ጥግ ላይ ያለው ደግሞ ያስጠላል።»

የገበሬዎቹ ክፍያ የሚሰላበት ነበር፤ እሱም ሄደ። በመጨረሻ አምስት ሰማያዊ ሣጥኖች ተሰልፈው ቀሩ።

«ሥራ ማለት እንዲህ ነው!» አለ ላክላን እጁን እያፋተገ።

የቦርዱ ገበሬዎች ጭቃ የለበሰ ቦቲያቸውን በር ላይ አውልቀው በካልሲ ገቡ። ሊቀመንበሩ፣ ሽማግሌው ኔቪል፣ ኬካቸውን እያላመጡ ግድግዳው ላይ በተሰቀለችው ስክሪን ሥዕሉን አዩ።

«ለካ እንዲህ ቀላል ነው! ታዲያ ልጄ፣ ለአምስት ሣጥን ሁለት ሰው ምን ያደርጋል?»

ኬሪን ሰው ፊት መናገር ሞቷ ነው። እንደ ምንም ተነሥታ «ሁሉንም አሳይ» የሚለውን ነካችው። ያ የክር ጥቅል ስክሪኗን ሞላት።

«ኧረ ዝጊው፣ አዞረኝ!» አሉ አንዲት የቦርድ አባል።

«ጋሽ ኔቪል» አለች ኬሪን፤ «ዛሬ ላሞችዎን ማን ያልባል?»

«ወንድሜ ነዋ።»

«እኔ ስሄድስ ይሄን ማን ያልበዋል?»

የቦርዱ አባላት ሳቁ። ኔቪል ግን አገጫቸውን አሹ።

«እውነቷን ነው። ነገሩ ትልቅ ነው።»

«በጣም እንጂ!» ላክላን ቀደመ። «ለዚህች ስክሪን ትልቅ ነው። ስክሪኑ ሰፋ ቢል ግን ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል።»

እጆች ወጡ። ግድግዳ የሚያክል ስክሪን በሙሉ ድምፅ ተፈቀደ።

ሲወጡ ላክላን ትከሻዋን መታ አደረጋት። «ስክሪኑ የሚመጣው በሠርጉ ሰሞን ነው። ገመዱን መግጠም ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም፣ ትቆያለሽ። ግን አይክፋሽ ወዳጄ፤ ሠርጉን በሱ ታዪዋለሽ። ሙሽራዋ በቁመቷ ልክ ነው የምትታየው!»