ሁለት ጊዜ የተቆጠሩ ተማሪዎች

ስህተቱን ያገኘችው ሐሳቧን የሚያይላት የዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ሊቀመጥ ስድስት ሰዓት ሲቀረው፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ቆማ የሽንኩርት ልጣጭ ሥዕል ስታይ ነበር።

ለማሳያ የሚሆኑ አራት ደብተሮች ልትመርጥ ነበር የገባችው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ አይቶ ሴሎቹን ይስላል። በአሥራ ሁለት ዓመት መምህርነቷ እንዲህ ያለ ሥዕል አይታ አይታ ጠግባለች። ይኼኛው ግን ዓይኗን ያዘው። የሴሉ ግድግዳ በድርብ መስመር ተስሏል፤ ኒውክሊየሱ በነጠብጣብ ብቻ ተሞልቶ ወደ ግራ ጥግ ተጠግቷል። ይህን እጅ ከዚህ በፊት አይታዋለች። የአምናውን ክምር አገላብጣ አወጣችው። የአንድ ሰው እጅ፣ ሁለት ደብተር፣ ሁለት የተለያየ የመታወቂያ ቁጥር።

አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል ማለት ነው።

ሁለት ዓመት የደከመችበት ሐሳብ በአንድ ቁጥር ላይ የቆመ ነበር። ባዮሎጂ አንድን ለመውሰድ አስቀድሞ ኬሚስትሪን ማለፍ ግዴታ ነው፤ ከዚያ ከሴል እስከ ደን ያለው ሁሉ በአንድ መንፈቅ ይታጨቃል። እሷ የኬሚስትሪው ግዴታ ይነሳ፣ ትምህርቱም ለሁለት መንፈቅ ይከፈል ነው የምትለው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ ጽፋለች፦ በሦስት ዓመት ከተመዘገቡት 412 ተማሪዎች 206ቱ ወድቀዋል። ከሁለት አንዱ።

ለማንም አዳላች እንዳትባል የተማሪዎቹ ስሞች ሁሉ ወጥተው የመታወቂያ ቁጥር ብቻ እንዲቀር ያደረገችው ራሷ ነበረች። እንዲያውም በዚህ ጥንቃቄዋ ትኮራ ነበር።

ሬጅስትራር ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

«ደጋሚ ነዋ!» አለች የመዝገብ ሠራተኛዋ፣ ሁለቱን ቁጥሮች አየት አድርጋ። «የደጋሚ የድሮ ፋይል ይዘጋና አዲስ ቁጥር ይወጣለታል። ድሮም እንዲህ ነው።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አልጠየቅሽንማ፣ እህቴ!»

የድሮውን ከአዲሱ የሚያዛምደውን ዝርዝር ይዛ ቢሮዋ ገባች። በእርሳስ ቆጠረች፤ አላመነችም፤ ከታች ወደ ላይ ደግማ ቆጠረች። 412 የተባሉት 300 ሰዎች ናቸው። በመጀመሪያ ሙከራ የወደቁት 117። የቀረው 112 ምዝገባ የደጋሚዎች ነው፤ ከዚያ ውስጥ 89ኙ እንደገና መውደቅ ነው። ከሁለት አንዱ የሚባል ነገር የለም። ከመቶ ሠላሳ ዘጠኝ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወረቀቱን አይቶ በሩን ዘጋ።

«ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

«ካንቺ ሌላ ማለቴ ነው።»

«ጋሼ ዓርብ ዕለት ሠንጠረዡን አስልከዋል።»

ኃላፊው ራሱን ያዘ። ጋሼ የምትላቸው እሷንም ኃላፊውንም ያስተማሩት አንጋፋ ፕሮፌሰር ናቸው። «ባዮሎጂ አንድ ወንፊት ነው፤ ገለባው እዚሁ ይቅር» ማለት ስለሚያበዙ ተማሪ ሁሉ ወንፊት ይላቸዋል። የእሳቸውን ድምፅ ለማግኘት ስትል አምስተኛውን አንቀጽ እንዳለ አስገብታለች፦ የወደቀ ተማሪ ያንኑ ትምህርት ከሀ እስከ ፐ ይድገም።

«ስሚ» አለ ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጉባኤው የሚቀመጠው በዓመት አንዴ ነው። ዛሬ ካላለፈ ለከርሞ። ሠላሳ ዘጠኝስ ቢሆን ትንሽ ነው እንዴ? አንቺ ደግሞ ጣጣ አታብዢ!»

ምሳዋን አልበላችም። ለባሏ ደወለች። ልብስ ሰፊ ነው፤ ከጀርባው የስፌት መኪናው ድምፅ ይንደቀደቃል።

«ልኬት ተሳስቼ ቢሆንስ?» አለችው።

«ጨርቁ ተቆርጧል?»

«ስምንት ሰዓት ላይ ይቆረጣል።»

«ታዲያ አሁኑኑ ተናገሪያ! እኔ ከቆረጥኩ በኋላ የነገርኩት ደንበኛ ያለኝን ብነግርሽ ስልኩን ትዘጊዋለሽ።»

ሳቀች። አሁን ብትናገር ሁለት ዓመት ገደል ይገባል። ዝም ብትል ደግሞ ወንፊት እሰው ፊት ጉዷን ይዘረግፉታል፤ ከዚያ በኋላ የምታመጣውን ቁጥር ማን ያምናታል?

ስምንት ሰዓት ላይ ሰብሳቢው ተራዋን ጠራ።

«መጀመሪያ ገጽ ላይ ያለው ቁጥር ስህተት ነው» አለች። «ስህተቱም የኔ ነው። ደጋሚዎችን እንደ አዲስ ሰው ቆጥሬያለሁ።» ትክክለኛውን ቁጥር አነበበች። ኃላፊው ጣሪያውን ያይ ነበር።

ወንፊት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ሠንጠረዡን መች አየሁት? መነጽሬ ሌንሱ ወልቆ ጥገና ላይ ነው» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ዝም ብትል ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። «ይልቅ አንዱን ድገሚልኝ። ከደጋሚዎቹ ስንት አለፉ?»

«ከመቶ አሥራ ሁለት ሃያ ሦስት።»

«ሃያ ሦስት ብቻ?»

«ብቻ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ሳቁ ቆመ። «ደጋሚዎቹን የማስተምረው እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «አምስተኛው አንቀጽ ይውጣ። እንዲህ ሆኖ እጄን አላወጣም።»

«ወጥቶ ምን ይግባ?» አለ ሰብሳቢው። «ባዶ ቦታ አናጸድቅም። ጉባኤው ሐሙስ ይበተናል፤ እስከዚያ አዲስ አንቀጽ ካልመጣ ለከርሞ።»

ከሰኞ እስከ ሐሙስ! ኮሪደሩ ላይ ሽማግሌው ደረሱባት።

«እሺ፣ መድገም ካልጠቀማቸው ምን ይጠቅማቸዋል?»

«አላውቅም፣ ጋሼ። እነሱን ጠይቄያቸው አላውቅም።»

«እኔስ ጠይቄ አውቃለሁ?» ሰዓታቸውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አዩ። «አሥር ሰዓት ላይ ከደጋሚዎቹ ጋር ክፍል አለኝ። ነይ።»

ተከተለቻቸው። ምን ብላ እንደምትጀምር አታውቅም፤ ከሕዝብ ፊት መቆም የለመደችው ቁጥር ይዛ ነው። በሩ ሲከፈት ሠላሳ አንድ ራስ ቀና አለ። ደብተሮች ተገለጡ፤ እስክሪብቶዎች፣ አምናና ካቻምና የጻፉትን እንደገና ሊጽፉ፣ ተነሡ።

«አትጻፉ» አለች። «ዛሬ እናንተ ትነግሩናላችሁ፤ እኔ እጽፋለሁ።»