መስኮት ሥር ያለው አልጋ

ታላቂቱ እህት ሥራዋ ፍራሽ መስፋት ነበር። ቀኑን ሙሉ ጥጥ ስትፈለቅቅና ስትጠቀጥቅ ውላ ፀጉሯ ላይ ብናኝ ይዛ ትገባለች። ታናሽየዋ ፎቶ ቤት ትሠራለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት። ሁለቱም ሳያገቡ ከእናታቸው ጋር ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ይኖሩ ነበር።

እናት ታናሽየዋን «ነፍሴ» ትላታለች፣ ታላቂቱን «ጎበዜ»። ለሚሰማው ሰው ሁለቱም የፍቅር ስም ነው። ታላቂቱ ግን ጎበዜ ማለት «አንቺን ዞር ብዬ ማየት አያስፈልገኝም» ማለት እንደሆነ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ገብቷታል። የመኝታ ክፍሉ መስኮት ሥር ያለው አልጋ የታናሽየዋ ነው፣ አየር እንድታገኝ። ታላቂቱ የምትተኛው ሳሎን ሶፋው ላይ ነው። እናት ወጥ ቤት ሆና እንኳ ጆሮዋ ታናሽየዋ ደረት ላይ ነው፤ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ከሰማች ማማሰያዋን ጥላ ትሮጣለች። ታላቂቱ ልጅ ሳለች አንድ ቀን አውቃ እያፏጨች ተነፈሰች። እናት ዞር አለችና፣ በእህትሽ አታሹፊ ብላ ተቆጣቻት። ያን ዕለት ውስጧ የቀረው ነገር ቅናት መሆኑን ስታድግ አወቀች፤ ማወቋ ግን አላስለቀቃትም።

ታላቂቱ ሳል ሲጀምራት የጥጡ ብናኝ ነው ብላ ናቀችው። ሦስት ሳምንት አለፈ፣ አራተኛው ገባ። ከሰዓት በኋላ ሰውነቷን ትኩስ ትኩስ ይላታል፤ ጠዋት ስትነሳ ትራሷን በላብ ርሶ ታገኘዋለች፤ ቀሚሷም ሰፋባት። እናት ምንም አልጠየቀቻትም። እሷም በእልህ አፏን ዘጋች፤ መቼ እንደምታየኝ እስቲ ልይ ብላ።

ያስተዋለችው ታናሽየዋ ነበረች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ትንፋሽ ስታዳምጥ የኖረች ሰው ናት። አንድ ጠዋት ጫማቸውን ሲያደርጉ፣ «እትዬ፣ ይሄ ሳል የብናኝ አይመስለኝም» አለቻት።

«መታመም የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ?»

ታናሽየዋ አልተቀየመችም። ፎቶ ቤቱን አስፈቅዳ፣ ክንዷን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት።

የአክታ ምርመራው የሳንባ ነቀርሳ ነው አለ። ነርሱ ሽበታም፣ የማይቸኩል ሰው ነበር። የእህትሽ ሕመም የአየር ቧንቧዋ እየጠበበ ነው፣ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የአንቺ ግን ሳንባሽ ላይ ያረፈ ባክቴሪያ ነው፣ በትንፋሽና በሳል ይተላለፋል አላት። አንድም ቀን ሳታቋርጥ ስድስት ወር መድኃኒቱን ከዋጠች እንደምትድን ነገራት። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አየር በሚገባበት ክፍል ለብቻዋ መተኛት አለባት፤ እናትና እህትም ይመርመሩ ተባለ።

እናት ስትሰማ የቆመችበት ቦታ ቁጭ አለች። ከዚያ ተነስታ የመስኮቱን አልጋ አንሶላ ቀየረች። ታናሽየዋ ትራሷን ይዛ ወደ ሶፋው ሄደች።

እንዲህ ሆኖ ታላቂቱ ስትመኘው የኖረችውን አገኘች። እናት አፏን ሸፍና በር ላይ ትቆማለች፤ ሾርባ ታቀርባለች፤ ኪኒኖቹ በጉሮሮዋ እስኪወርዱ ድረስ ዓይኗን አትነቅልም። አንድ ቀን ሳህን ስታቀብላት «ጨርሺው፣ ነፍሴ» አለቻት። ታላቂቱ በልታ ሳህኑን ከመለሰች በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ያቺን ቃል ደጋግማ አላመጠቻት።

እናትና እህት ለምርመራ ውጤት የሄዱ ቀን መስኮቱ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃቸው ጀመር። አምላኬ፣ እባክህ እህቴ ላይ አይገኝ እያለች ትለምናለች። ሦስት አራት ጊዜ እንዳለች፣ የምትለምነው ለምን እንደሆነ ድንገት ታያት። እህቷ እንዳትታመም ብላ አልነበረም። ይሄ በሽታ የሷ ብቻ እንዲሆን ነበር፤ ታናሽየዋ ላይ ከተገኘ እናት መልሳ ወደዚያ ትሄዳለች። ሁለቱም ነፃ ሆነው ሲመጡ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እናት የደስታ መሰላት።

ሳምንታት አለፉ፤ ሳሉ ቀነሰ፣ ሥጋ ማውጣትም ጀመረች። የእናት ጥበቃ ግን አልቀነሰም። ብትስል ምነው ነው፤ ዝም ብትልም ምነው ነው። ገላዋን ስትታጠብ እንኳ በሩ ይንኳኳል። አንድ ከሰዓት እናት ገበያ ስትሄድ ታናሽየዋ መጥታ የክፍሉ በር ደፍ ላይ ተቀመጠች።

«እንዴት ቻልሽው?» አለቻት ታላቂቱ።

ታናሽየዋ በሳቅ ፈረሰች፤ የሚሳበውን መድኃኒት ከኪሷ አውጥታ ሁለቴ እስክትስብ ድረስ ሳቀች። እሷም ራሷ እናት እንዳትሰማት መታጠቢያ ቤት ተደብቃ ትስል እንደነበር ነገረቻት። «አንቺ በፈለግሽ ሰዓት ትወጫለሽ፤ የት ነበርሽ የሚልሽ የለም። እዚህ ተኝቼ በመስኮቱ አይሽና እቀናብሽ ነበር» አለች።

ታላቂቱ የውጤቱን ቀን ልመናዋን ለራሷ ይዛ ልትቀር አልቻለችም። ዓይኗን ብርድ ልብሱ ላይ ተክላ ያሰበችውን ሁሉ ተናገረች።

«ይሄማ ይከፋል» አለች ታናሽየዋ። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «እኔም አልጋዬን ስትወስጂ እርር ድብን ብዬ ነበር። በሽተኛ ላይ መቅናት ነውር ነው ብዬ ዋጥኩት።»

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ አላወሩም። አልተቃቀፉምም። ታናሽየዋ ግን በማግስቱም መጥታ ደፉ ላይ ተቀመጠች።

ስድስተኛው ወር ሲያበቃ አክታዋ ንጹሕ ነው ተባለ። ታላቂቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍልም ተከራየች። እናት በመጀመሪያው እሑድ ልትጠይቃት መጣች። ደረጃውን ወጥታ ስትገባ እያለከለከች ነበር፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ውኃ ጠየቀች። ስለ ሳሉ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ጉልበቷ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያማት እንደኖረ፣ ለማንም ሳትናገር እንደቆየች ብቻ ነገረቻት።

ታላቂቱ ወንበሯን አስጠጋችና፣ የትኛው ጉልበትሽ ነው ብላ ጠየቀቻት።