ሱዳን የለያየቻቸው በሬዎች

ባሌ አያሌው ከደሴ አልፎ አያውቅም። ኮምቦልቻ ደርሻለሁ ይላል፤ ምን ገዝተህ መጣህ ሲሉት ግን ወሬ ይቀይራል። ሱዳን ካልገባሁ ብሎ ሰፈሩን ያመሰው እንግዲህ ይህ ሰው ነው።

ውርጌሳ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፓርቲ ነበረችን። ስሟን አልጠራም፤ ብጠራውም የሚያውቃት የለም። የኛ ቅርንጫፍ አባላት አምስት ነን። ሊቀመንበሩ አያሌው፣ ምክትሉ ጎረቤታችን አብዱልሐሊም፣ ጸሐፊዋ እኔ የሻረግ፣ በልብስ ስፌት ቤታቸው የሚሰበስቡን አያ ረዲ፣ አምስተኛው ደግሞ ሲሪንቃ በዘበኝነት የሚሠራው ካሳሁን። ካሳሁን ምንጊዜም የሚስማማው መጨረሻ ከተናገረው ሰው ጋር ነው። በሰኔው ምርጫ ከቀበሌያችን አራት ድምፅ አገኘን። አምስት አባል፣ አራት ድምፅ! እርስ በርስ በጎሪጥ ስንተያይ ከረምን። እኔ አይደለሁም።

ሐምሌ እንደገባ ከፓርቲው ማዕከል ተደወለ። ሱዳን ድንበራችንን ገፍታ ገብታለች፤ ፓርቲያችን ሠራዊቱ ተሻግሮ ይምታ የሚል መግለጫ ያውጣ ወይስ አያውጣ፣ ተወያይታችሁ አቋማችሁን አሳውቁ ተባልን። ያን ሰሞን የሰሜኑ ጦርነት ወደ ቆቦ እየቀረበ ነው ይባል ነበር። ማዕከሉ ግን ዓይኑ ሱዳን ላይ ነው።

ስብሰባው ሲከፈት አያሌው ብድግ አለ።

"ተሻግሮ ይምታ! ባጭር ጊዜ ካርቱም እንገባለን!"

አብዱልሐሊም በጎረምሳነቱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ እየወረደ የኖረ ሰው ነው። ጢሙን እያሻሸ፣ "እስቲ በየት በኩል እንደምትገባ ንገረኝ?" አለው።

አያሌው የአያ ረዲን የልብስ መቁረጫ ጠመኔ አነሣና ጠረጴዛው ላይ ካርታ ሣለ። "ይቺ መርሳ ናት። ይቺ ሀብሩ ናት። ከዚህ ወረድ ስትል ሱዳን።"

"ወላሂ ይሄ ጭፍራ ነው!" አለ አብዱልሐሊም። "ሱዳን በጀንበር መግቢያ ነው፤ አንተ በጀንበር መውጫ ወጥተህ አፋርን ልትወጋ ነው!"

አያ ረዲ በሳቅ ፈረሱ። አያሌው ፊቱ በርበሬ መሰለ።

"አንተ ፈሪ ነህ! ሰሊጣቸውን በልተህ ልብህ እዚያው ቀረ!"

"የበላሁት የኛኑ ሰሊጥ ነው። ከማዶ ካለው ሰው ጋር ግን ባንድ ጣሳ ውሃ ጠጥቻለሁ። ድንበሩ ይመለስ፤ በሽማግሌ ይመለስ። የሰው ልጅ ግን አላስፈጅም።"

"እኔ አስፈጃለሁ!" አለ አያሌው፤ ያለውን የሰማው ካለ በኋላ ይመስለኛል።

ድምፅ ተሰጠ። አያ ረዲ ከአብዱልሐሊም ጋር ሆኑ። ካሳሁን መጨረሻ የተናገረው አያሌው ነበርና ከአያሌው ጋር ሆነ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ደግሞ ድምፄን የምሰጠው ጤፉ ከተዘራ በኋላ ነው አልኳቸው። በዚህ ሁለቱም እኩል ተቆጡ፤ ያን ቀን የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው። ከዚያ አያሌው አብዱልሐሊምን ከፓርቲው አባረረው፣ አብዱልሐሊምም አያሌውን አባረረው፣ አያ ረዲ ደግሞ ሁለቱንም ከቤታቸው አባረሯቸው።

ይሄ ሁሉ ባላሳሰበኝ። በነጋታው ግን አብዱልሐሊም በረታችን ገብቶ እኛ ጋ የሚያድረውን የራሱን በሬ ፈታ። ለኛ ያለን አንድ በሬ ነው፤ ቦራ እንለዋለን። ለነሱም ያላቸው አንድ ነው፤ ዳልቻ። ለዓመታት መቀናጆ ሆነን አንድ ቀን የነሱን፣ አንድ ቀን የኛን ማሳ ስናርስ ኖረናል። አንድ በሬ ብቻውን ምን ያርሳል? ጤፍ በሐምሌ ካልተዘራ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ምን ልንቀምስ ነው?

"ዳልቻ ከጦረኛ ጋር ባንድ ቀንበር አይገባም" አለኝ።

"ቦራ ምን አረገህ? እሱ ሱዳንን የት ያውቃትና?"

"የጌታውን አቋም ይዟል" ብሎኝ ሄደ።

አያሌው አልተበገረም። ቦራ ከካሳሁን ወይፈን ጋር እንዲቀናጅ ተስማማ፤ የአቋም አንድነት አለን አለ። ወይፈኑ ቀንበር አይቶ አያውቅም። ገና እንደተጠመደ ቦራን እየጎተተ፣ ሞፈሩን እያንቋቋ ወደ አስፋልቱ ነጎደ። የደሴ አውቶቡስ ቆመ፣ ተሳፋሪው ወርዶ ሳቀ፣ አያሌው ከኋላ "ያዙልኝ!" እያለ ሮጠ። ለሱዳን ያዘጋጀው ጉልበት እዚያው አለቀ።

አብዱልሐሊም በበኩሉ ከሐራ ግመል ተውሶ መጣ። ግመሉ ማሳው መሀል ደርሶ ተንበረከከና ማመንዠክ ጀመረ። ቢለምኑት፣ ቢገፉት፣ ቁርዓን ቢቀሩበት አልነሣ አለ። አያሌው ከአጥር ማዶ ሆኖ፣ "አያችሁ? የሱዳን ግመል አስገባ! የውጭ ኃይል ነው!" እያለ ለመንገደኛው ሁሉ አወጀ። ግመሉም አንገቱን አዙሮ አየው።

ዝናቡ አቋም አልነበረውም፤ ለሁሉም እኩል ይዘንባል። አረሙ ማሳውን ወረሰው። ጎተራዬ እየጎደለ ሄደ። አንድ ጠዋት የአብዱልሐሊም ሚስት ዘይነባ መጣች።

"እታለም፣ እኒህ ሰዎች ሱዳንን ሳይነኩ እኛን በረሃብ ሊፈጁን ነው።"

"ምን ይሻላል?"

"እኛው እንረስ።"

የመርሳ ገበያ ቀን ነበር። ሁለቱን በሬዎች ነድተን እመንገድ ዳር ካለው ከነሱ ማሳ ወሰድናቸው፣ ገበያተኛው ፊት ጠመድናቸው፣ እኔ እርፍ ጨበጥኩ። በኛ አገር ሴት እርፍ ጨብጣ ከታየች ባሏ ወይ ሞቷል፣ ወይ መሞት አለበት ማለት ነው። አንዷ ገበያተኛ ቆማ፣ "አያሌው መቼ አረፈ? ነፍስ ይማር!" አለችኝ። ያረፈው አያሌው ከጓሮ ሲበር መጣ። አብዱልሐሊምም ጥምጣሙን እንኳ ሳያስተካክል ከተፍ አለ።

ዘይነባ ጅራፉን እንደያዘች ደነገገች። "ታርሳላችሁ። እርስ በርሳችሁ ስለ ሱዳን አንዲት ቃል ብትተነፍሱ እኔና የሻረግ እንቀጥላለን።"

እሺ አሉ። ግን በሬውን ሳይሰድብ የሚያርስ ገበሬ ማን አለ? አያሌው እርፉን ጨበጠ፣ አብዱልሐሊም ከጎን ጓል እየከሰከሰ ተከተለ፤ ትንሽ እንደሄዱ ተጀመረ።

"ሂድ ዳልቻ! ያገር ዳር ድንበር ሻጭ!"

"አይዞህ ዳልቻዬ! እጭፍራ ወርዶ ሱዳን ገባሁ ከሚል አንተ ትሻላለህ!"

"ዳልቻ፣ አንተ ፈሪ!"

"ቦራ፣ ከደሴ ሳያልፍ ካርቱምን የያዘ ጀግና!"

ምስኪኖቹ በሬዎች ጆሯቸውን አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ እያዞሩ ይጎትታሉ። እኔና ዘይነባ በሳቅ ሞትን። ማሳው በንዴት ታረሰ፤ እንደዚያ ጠልቆ የታረሰበትን ዓመት አላስታውስም። ማታ ማታ ሰላም ሳይባባሉ ይለያያሉ፣ ጠዋት መጥተው የተውትን ስድብ ይቀጥላሉ።

የነሱ ማሳ አልቆ ወደኛው ልንሻገር ስንል፣ በሰሜን በኩል ድም አለ።

"ነጎድጓድ ነው" አለ አያሌው። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። ደግሞ ድም አለ። አስፋልቱ ላይ ፍራሽ የተሸከሙ፣ ልጅ ያዘሉ ሰዎች ወደ ደሴ ሲጎርፉ አየን። ከየት ናችሁ ብንላቸው ከቆቦ አሉን፤ ሳይቆሙ።

አያሌው ትልሙ ላይ ቁጭ አለ። አብዱልሐሊም ትንሽ አየውና ወደ በሬው ዞረ።

"ዳልቻ፣ የቦራ ጌታ ምን ሆኖ ተቀመጠ? ጠይቅልኝ።"

አያሌው አፈሩን እያየ፣ "ቦራ፣ ፈርቷል በልልኝ" አለ።

አብዱልሐሊም የበሬውን አንገት ዳበሰ። "ዳልቻ፣ እኔም ፈርቻለሁ በለው። ልጆቼን ይዤ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም በለው።"

ከዚያ እጁን ዘርግቶ ከመሬት አነሣው። ሁለቱም በሬዎቹን ወደኛ ማሳ ነዱ። የመድፉ ድምፅ አልቆመም፤ እነሱም አልቆሙም።

እኔም ፈርቼ ነበር። ዘሩ ከቁናው ሲፈስ እንኳ አላየሁም፤ የሚናገርልኝ በሬ ግን አልነበረኝም። ዘይነባ አየችኝና ቁናውን ተቀበለችኝ።

"ነይ እታለም፣ እንዝራ" አለች። "ማን እንደሚያጭደው አላህ ያውቃል።"