አንድ ሺህ ዋት

አቶ ምትኩ «ምን አለ?» ብለው መጠየቅ እንዳቆሙ ያስተዋለችው ልጃቸው ውዳሴ ብቻ ናት።

ዓይናቸውን ግላኮማ ከወሰደው ሁለት ዓመት አልፎታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መጀመሪያ ከአሰብ፣ በኋላ ከጅቡቲ ጭነት ያመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌር፣ አሁን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሶፋቸው ጥግ ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያዳምጣሉ። ኳስ ካለ ኳስ፣ ኳስ ከሌለ ዜና፣ ዜናው ሲያልቅ ድራማ። መጀመሪያ ሰሞን አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው በክርናቸው ነካ እያደረጉ «ምን አለ? ማን አገባ? ልጅቷ ምን ብላው ነው የወጣችው?» ይሉ ነበር። አንድ እሑድ ግን ከፉሪ ሊጠይቃቸው የመጣውን ትንሹን ልጃቸውን ኖላዊን ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል ጠየቁት።

«ኧረ አባዬ በናትህ፣ ሰው ይይበት!» አላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ምትኩ ማንንም ምንም አልጠየቁም። ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣሉ፣ ሰው ሲስቅ ፈገግ ይላሉ፣ ሰው ዝም ሲል ዝም ይላሉ። ውዳሴ ያን ዕለት ወንድሟን ሳትናገረው በመቅረቷ በራሷ ተናደደች፤ ንዴቱም ሳይበርድ ሰነበተ።

ውዳሴ የጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ናት፤ ሳትመረምር አትፈርድም። መጀመሪያ አባቷን ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። «ለስልሳ ስምንት ዓመት ሰው እንዲህ ያለ ጆሮ ብርቅ ነው» አለ ሐኪሙ። እንግዲያው ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ነው። ስስ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ስፒከሮቹ ግን ከጀርባው ናቸው፤ የሚያወራው ለግድግዳው ነው። ድምፁ ሲጨመር የስታዲየሙ ጩኸት ይጨምራል እንጂ ኮሜንታተሩ አይሰማም። ዓይን ያለው ሰው በምስሉ ይሞላዋል። እሳቸው በምን ይሙሉት?

ለኖላዊ ደወለች። «ለአባዬ የድምፅ ዕቃ እንግዛለት፤ ግማሽ ግማሽ እንከፍላለን» አለችው። እሱም ደስ አለው። ቅዳሜ ጠዋት ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ካለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አብረው ገቡ።

«ድምፁ ጥርት ያለ፣ ዋጋው የማይጎዳ ነገር ፈልገን ነው» አለች ውዳሴ።

ሻጩ ወጣት፣ ሽቶው ከበሩ የሚቀበል ሰው ነው። የጠየቀችው እሷ፣ ፊቱን ያዞረው ወደ ኖላዊ። «ብሮ፣ ሳሎንህ ሰፊ ነው?» አለው። ከዚያ አንድ ትልቅ ካርቶን መታ መታ እያደረገ «ይሄ አምስት ነጥብ አንድ ነው። አምስት ስፒከር፣ አንድ ዉፈር፣ ቤዙን የሚያወጣው ሳጥን። አንድ ሺህ ዋት! ሲኒማ ቤቱ ራሱ እቤትህ መጣ ማለት ነው» አለና ለማሳያ የተሰቀለውን ከፈተው። ሙዚቃ ነው። ቤዙ ደረት ይመታል፤ የሱቁ መስታወት መደርደሪያ ተንቀጠቀጠ። ኖላዊ ፊቱ በራ።

«ሰው ሲያወራ አሰማኝ» አለች ውዳሴ።

«ምን?»

«ዜና። ወይ ድራማ። እኛ የምንፈልገው የሰው ንግግር ለመስማት ነው።»

«የኔ እህት፣ ዜና እኮ በሞባይልም ይሰማል» ብሎ ሳቀ። ኖላዊም አብሮት ሳቀ።

ሻጩ ከሳቀው ይልቅ የወንድሟ ሳቅ ነው ደሟን ያፈላው። «ለጠየቀህ ሰው መልስ መስጠት ካቃተህ ሱቅህን ዝጋና ጭፈራ ቤት ክፈት!» ብላ ወጣች። ኖላዊ የሻጩን ቢዝነስ ካርድ ኪሱ ከትቶ ተከተላት። ታክሲ እስኪይዙ ድረስ «ለምን ታዋርጂኛለሽ? ሰው ፊት እንደዚህ ይኮናል?» እያለ ነዘነዛት።

በሳምንቱ እሑድ ከገበያ ስትመለስ የደረጃው ብረት ሲርገበገብ እጇ ላይ ተሰማት። በሩን ስትከፍት ያ ካርቶን ተቀዶ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ዉፈሩ ከሶፋው አጠገብ ቆሟል፤ ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ኖላዊ ሪሞቱን ይዞ ሳሎኑ መሃል ቆሟል። «ሰርፕራይዝ! ብቻዬን ገዛሁት። ከአንቺ ምንም አልፈልግም» አላት።

«መብራቱ ለማን ነው?» አለች። አልሰማትም። ማንም ማንንም አይሰማም ነበር።

አቶ ምትኩ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። «አቤት! ስታዲየም የገባሁ ነው የመሰለኝ። ተባረክ ልጄ» አሉ። ውዳሴ ፈገግታቸውን አየችው። ድሮ ሐኪም ዘንድ «አያምም» እያሉ መርፌ ሲወጉ የሚያደርጉት ፈገግታ ነው።

ጨዋታው ቀጠለ። ወለሉ ይርገበገባል፤ ኮሜንታተሩ ከውኃ ውስጥ የሚናገር ይመስላል። ድንገት ሕዝቡ ጮኸ፤ ኖላዊም ከመቀመጫው ተነስቶ ጭንቅላቱን ይዞ ጮኸ። አቶ ምትኩ አጨበጨቡ። «ጎል! ጎል!» አሉ እየሳቁ።

የገባው በእሳቸው ቡድን ላይ ነበር።

ኖላዊ አቀርቅሮ ሪሞቱን መነካካት ጀመረ። ያኔ ዝም ብትል ነገሩ በዝምታ ያልፍ ነበር። ውዳሴ ግን ሁለት ሳምንት ያጠራቀመችው ሁሉ ወጣ፤ የወጣው ደግሞ በማይገባው ሰው ላይ ነው።

«አባዬ፣ ማን ያገባ መስሎህ ነው ያጨበጨብከው?»

ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ንገረዋ። ይስማህ። አንዲት ቃል እንዳልሰማህ ንገረው!»

አቶ ምትኩ ተነሱ። «ልትፈትኚኝ ነው?» አሉ። ድምፃቸው ከዉፈሩ በላይ ወጣ። «በገዛ ቤቴ፣ እንደ ተማሪ ታስቆሚኝ? ዝጉት! ዝጉት ይሄንን ነገር! ሁለታችሁም አትፈልጉኝ!»

ወደ መኝታ ቤታቸው ሄዱ። ያንን መንገድ በቁጥር ያውቁታል፤ ከሶፋው እስከ በሩ ስምንት እርምጃ ነው። በሁለተኛው ላይ ዉፈሩ ነበር። ቅልጥማቸው ገጨውና ወደፊት ተንደረደሩ። ውዳሴ ሮጣ ክንዳቸውን ስትይዝ «አትንኪኝ!» ብለው መነጨቁት። የመኝታ ቤቱ በር ተዘጋ።

ኖላዊ ድምፁን አጠፋው። «ጥሩ! ደስ አለሽ?» አለ። «ሽማግሌውን አስለቀስሽው!»

«እኔ ነኝ ያስለቀስኩት? መንገዱ ላይ ሳጥን ያቆምኩበት እኔ ነኝ?» ብላ ከሶፋው ጀርባ የተሰቀለውን ስፒከር ልትነቅለው በሙሉ ኃይሏ ሳበችው። ከመጠን በላይ ቀለላትና ወደ ኋላ ተንገዳገደች። እጇ ላይ አገላበጠችው። ነቀነቀችው። ፊቱን የሸፈነውን ጨርቅ በጥፍሯ ገሽልጣ አየች፤ ከጨርቁ ስር ክብ ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው በስተጀርባ አንድ ቁራጭ ካርቶን። ሌላ ምንም የለም። ገመዱ ካርቶኑ ላይ በማጣበቂያ ተለጥፏል።

ኖላዊ ሁለተኛውን ራሱ ከፈተው። ያኛውም ባዶ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ።

ማክሰኞ ውዳሴ ከሥራ አስፈቅዳ፣ ኖላዊ ካርቶኑን ተሸክሞ ሱቁ ደረሱ። ሻጩ ገና ሳይከፍቱት «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፤ ደረሰኙ ላይ ተጽፏል» አለ።

«የተሸጠ ዕቃ የለም። የተሸጠው ሳጥን ነው» አለችና የተገሸለጠውን ስፒከር ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ውስጡ ሱቁ ውስጥ ለነበሩት ገዢዎች እንዲታይ አዞረችው። ሁለት ሰዎች ቀረብ ብለው አጎንብሰው አዩ።

«እቤታችሁ ነው የፈታችሁት። እዚህ ሲወጣ ደህና ነበር።»

«ከውስጡ ማግኔቱን አውጥተን ካርቶን ለጠፍንበት?»

«እኔ አይደለሁም የሠራሁት፤ እኔም ገዝቼ ነው! ከፈለግሽ በሌላ ካርቶን እለውጥልሻለሁ።»

«እሺ፣ ሌላውን እዚሁ እንክፈተው» አለች።

ሻጩ ካርቶን ሊያወርድ አልተነሳም። ከዚያ ወደ ኖላዊ ዞሮ ድምፁን አለዝቦ «ብሮ፣ ሴትዮዋን አረጋጋት። እኔና አንተ እንግባባለን» አለው።

ኖላዊ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ነበር። «ሴትዮዋ እህቴ ናት» አለ። «የዛን ቀን የጠየቀችህን መልስላት። አንተ ሳቅህ፤ እኔም እንደ ጅል አብሬህ ሳቅሁ። አባቴ ዓይኑ አያይም፤ በዚህ ነገር ነው ያላገጥክበት!» ባንኮኒውን ሲመታው የመስታወቱ መደርደሪያ ጮኸ። ጥበቃው ገባ። አንደኛው ገዢ የያዘውን ዕቃ መልሶ አስቀምጦ ወጣ።

ገንዘቡ አልተመለሰም። የደረሰኙን ኮፒ ይዘው ለንግድ ቢሮ አቤቱታ ጻፉ፤ «ተመለሱ» ተባሉ። ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል፤ ሦስተኛውን ኖላዊ ቀጠሮ ይዟል።

ለቡ ውስጥ ያገለገሉ ዕቃዎች የምትጠግን ቀመሪያ የምትባል ሴት እንዳለች ለውዳሴ የነገራት የጤና ጣቢያው ጥበቃ ነው። ቀመሪያ ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ መነጽሯን ከሻሿ ላይ ያደረገች፣ እጇ ላይ መበየጃ የማይጠፋ ሴት ናት። ሱቋ ጠባብ ነው፤ መቆሚያ የለውም። ቀና ሳትል «ምን ነበር?» አለች።

«ለቴሌቪዥን ድምፅ የሚሆን...»

«ማነው የሚሰማው? ምንድን ነው የሚሰማው?»

ስንት ቀን ሙሉ ውዳሴን ይህንን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሁሉንም ነገረቻት፤ ሻጩን፣ ካርቶኑን፣ ኖላዊን። አባቷን ሰው ፊት መጠየቋን ግን ዘለለችው።

ቀመሪያ መበየጃውን አስቀመጠች። «ለሰው ንግግር አምስት ስፒከር ምን ያደርጋል? ሁለት ደህና ይበቃል። ዉፈር ደግሞ ጭራሽ እንዳይገባበት» አለች። ከመደርደሪያው ስር አንድ ጥቁር፣ ሰፊ፣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ ዕቃ ጎትታ አወጣች። «ይሄም ሪሲቨር ነው የሚባለው፤ የዲሹ አይደለም፣ የድምፁ። የድሮ ነው፤ የውስጡን ራሴ ቀይሬለታለሁ። ቤታችሁ ዲሽ አለ? ከዲሹ ሪሲቨር በስተጀርባ ቀይና ነጭ ቀዳዳ አለ። ከዚያ ወደዚህ፣ በቃ።»

ሬዲዮ ከፈተችበት። አንድ ጋዜጠኛ ስለ ዝናብ ያወራል። ውዳሴ ሰውዬው ትንፋሽ ሲስብ፣ ወረቀቱን ሲገልጥ ሰማች። ዋጋውን ስትጠይቅ ኖላዊ ለባዶ ሳጥኖቹ ከከፈለው ሲሶውን አይሞላም።

«ሦስት ወር ውስጥ ከተበላሸ አምጪው፤ ከጣልሽው ግን አታምጪው» አለች ቀመሪያ። «ስፒከሮቹን መሬት ላይ እንዳታስቀምጪ። ሲቀመጥ ጆሮው ካለበት ቁመት። ደግሞ የሚሄድበት መንገድ ላይ እንዳታደርጊ።»

«እሺ» አለች ውዳሴ። ፊቷ ጋለ።

አቶ ምትኩ ከዚያ እሑድ ወዲህ ከእሷ ጋር «እህ» እና «የለም» ብቻ ነበር የሚነጋገሩት። ዕቃውን ይዛ ስትገባ ሶፋው ላይ ነበሩ፤ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል።

«አባዬ፣ ይቅር በለኝ» አለች ዕቃውን ሳታወርድ።

«ያ ልጅ ደስ ብሎት ነበር» አሉ አቶ ምትኩ። «ገንዘቡን አውጥቶ፣ ተሸክሞ፣ አልቦት። አልሰማም ብዬ ፊቱን ላጥቁረው? እየሰማሁ መስዬ ብቀመጥ የኔ ጉዳይ ነው። አንቺ ግን ለእኔ ብለሽ አልነበረም የተናገርሽው፤ እሱን ለመርታት ነው።»

ውዳሴ «አይደለም» ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ነው።

«አዎ» አለች።

«እንዲህ በይ።» እጃቸውን ዘረጉ። «ምንድን ነው የተሸከምሽው? ምጥ የያዘሽ ይመስል ታቃስቻለሽ።»

ዕቃውን ጭናቸው ላይ አኖረችው። አቶ ምትኩ በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ክብደቱን ለኩት፤ ማዞሪያውን አንድ በአንድ ነኩት። «ይሄ ዕቃ ነው» አሉ። ስፒከሮቹ የት እንደሚቀመጡ ራሳቸው ተነስተው በእጃቸው አሳዩዋት፤ አንዱ መስኮቱ ጋ፣ አንዱ ቁም ሳጥኑ ጎን። ገመዱን በግድግዳው ጥግ ጥግ ወስዳ ቴሌቪዥኑን ከፈተችው። ዜና ነበር። አቶ ምትኩ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አሥር ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀሱ ሰሙ፤ ከዚያ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ይዋሻል!» ብለው ከጋዜጠኛው ጋር መጣላት ጀመሩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ፣ ላብራቶሪው በረንዳ ላይ ሃያ ሰው ተሰልፎ ሳለ ስልኳ ጮኸ። አባቷ ናቸው። ደነገጠች።

«ሰማሽ አይደል?» አሉ እየጮሁ። «ትናንት ቡድናችን ያገባውን ጎል ዳኛው ኦፍሳይድ ብሎ ሻረው! ኮሜንታተሩ ራሱ አይደለም እያለ ነበር፤ ሁለቴ ነው የደገመው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ! ከመሃል ሜዳ ነው የተነሳው፣ ሁለቱን ተከላካይ በግራ በኩል አለፈና...»

አንዲት ነርስ በመስኮቱ ብቅ ብላ በእጇ ምልክት አደረገችላት። ውዳሴ ጣቷን አንስታ «አንዴ» አለቻት፤ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ጓንቷን ማጥለቅ ጀመረች።

«እሺ አባዬ፣ ከዚያስ?» አለች።