ገመዱን ያሰረው ማን ነው?

በመምህራን ክፍል ወጣቷን የቋንቋ መምህርት «ሹክሹክታ» ነበር የሚሏት፤ ድምፅዋ ከጠረጴዛዋ አያልፍም ለማለት። እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን፣ ቀይ እስክሪብቶዋን አንዲት የፈተና ወረቀት ላይ እንደቀሰረች ደሟ ፈላ።

ወረቀቱ የልብስ ሰፊው ልጅ ነው። ፈተናው ላይ አጭር አፈ ታሪክ ወጥቷል፤ ወንዝ ይደርቃል፣ የንጉሡ አዋቂዎች «ወንዙ ልጃገረድ ፈልጓል» ይላሉ፣ አንድ አባት ልጁን በገመድ አስሮ ያስረክባል፣ ውሃው ይሞላል፣ አገሩ ይድናል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ማን ነው? ግጭቱስ በማንና በማን መካከል ነው? የማረሚያው መልስ «ንጉሡ፤ በንጉሡና በወንዙ መካከል» ይላል። የልብስ ሰፊው ልጅ ግን እንዲህ ጽፋለች፦ «ዋናዋ ልጅቷ ናት። ሌላው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ራቱን በልቷል። ግጭቱ በእሷና በአባቷ መካከል ነው። ገመዱን ያሰረው ወንዙ አይደለም።»

ጥያቄው ስምንት ነጥብ አለው። ስምንቱን ካጣች ክፍሉን ትደግማለች፤ ከደገመች ደግሞ አባቷ ከትምህርት ቤት አስወጥቶ የስፌት መኪና ላይ ሊያስቀምጣት ቆርጧል። ባለፈው ወር በወላጆች ስብሰባ ላይ ራሱ ነው በሰው ፊት የተናገረው።

መምህርቷ የዓመቱን የመጀመሪያ ትምህርት አስታወሰች። ሰዎች የሚፈሩትንና ያልገባቸውን ነገር በአፈ ታሪክ እንደሚያወሩት ነግራቸው ነበር። ገጸ ባሕርይን ለማወቅ «ምን ይፈልጋል?»፣ ግጭትን ለማወቅ «ማን ከለከለው?» ብላችሁ ጠይቁ ብላለች። ያኔ የልብስ ሰፊው ልጅ እጇን አውጥታ፣ የምትፈልገውን የማትናገር ሰው ብትኖርስ አለች። መምህርቷም «እንግዲያው አንቺ ጠይቂያት» ብላ መለሰች። የአፈ ታሪኳን ልጅ ጠይቃታለች ማለት ነው።

ወረቀቱን ይዛ ፈተናውን ወዳወጣው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሄደች። ሰውየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጋዜጣ ያነባል። መልሱን አነበበችለትና ነጥቡ ይገባታል አለችው።

«ልጄ፣» አላት ቀና ሳይል፣ «ልጅቷ እኮ ታሪኩ ውስጥ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ያልተናገረ ሰው ምኑ ነው ገጸ ባሕርይ?»

«ወንዙስ ተናግሯል እንዴ፣ ጋሼ?»

የስፖርት መምህሩ ከወዲያ ጥግ ሳቁን ለቀቀው፤ ዛሬ ሹክሹክታ አፍ አወጣች አለ። ኃላፊው ጋዜጣውን አጠፈ። ለአንዷ ከሰጠሽ የአርባ ስምንቱንም ወረቀት እንደገና ታያለሽ፤ ውጤቱ ነገ ጠዋት ይለጠፋል፤ ከቻልሽ እንደፈለግሽ አድርጊ አላት። በአንድ ሌሊት እንደማትጨርሰው ተማምኖ ነው።

ተመልሳ ቁጭ አለች። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ «ልጅቷ» ተሰርዞ ከላዩ «ንጉሡ» ተጽፏል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪቀድ ተፍቋል። አሥራ አንድ ሲደርስ መቁጠሩን ተወችውና ተነሳች።

«ጋሼ፣ የፈተናው ቀን ፈታኝ ሆነው ክፍሌ የገቡት እርስዎ ነበሩ አይደል?»

«አዎ። ‹ልጅቷን የጻፋችሁ ሰርዙ፣ እሷ አልተናገረችም› ብያቸዋለሁ። እንዳይወድቁብሽ ብዬ እኮ ነው።»

መምህርቷ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ዓመቱን ሙሉ ‹ጠይቁ› ስላቸው ከረምኩ። እርስዎ በአንድ ቀን አሰረዟቸው። እኔ ነጥብ የምሰጠው ከመሰረዛቸው በፊት ላሰቡት ነው።»

እስከ ክፍሉ ጥግ ድረስ ተሰማ። የስፖርት መምህሩ ሻዩን ማማሰሉን አቆመ። ኃላፊው መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፤ ይሁንና እንደፈለግሽ ያለው ራሱ ነውና ጋዜጣውን መልሶ ገለጠ።

መምህርቷ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። በየወረቀቱ ከተሰረዘው ቃል ጎን በቀይ ስምንት ትጽፍ ጀመር። የልብስ ሰፊው ልጅ ወረቀት ላይ ስትደርስ የሚፈለግ ስርዝ አልነበረም። ስምንቷን ጻፈችና፣ ሁልጊዜ ጥግ ላይ እንደ ጉንዳን የምታሳንሰውን ፊርማዋን ልብስ ሰፊው አባት ያለመነጽር እንዲያየው አግዝፋ ፈረመችው።