ለስድስተኛው ዙር ያጠራቀምኩት ወሬ

ልጄ ፀጉር ሠሪ ናት። በእጇ ያላለፈ የሰፈር ጭንቅላት የለም። አሁን የራሷ እንደ እንቁላል ልሙጥ ሆኗል። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ መርገፍ ሲጀምር መቀሷን አምጥታ ራሷ ጨረሰችው። «ይቺ ደንበኛ አታስቸግርም» ብላ ሳቀች። እኛ አልሳቅንም።

ሐኪሙ ኬሞው ስድስት ዙር ነው ብሏል፤ በየሦስት ሳምንቱ አንድ። እዛ ክፍል ደግሞ አንድ አስታማሚ ብቻ ነው የሚያስገቡት። ስለዚህ ተራ ያዝን። ባሏ ሁለቴ ገባ። እሱ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ መሪ ካልያዘ እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም፤ አራት ሰዓት ሙሉ ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ሲል እያየ ይውላል። ሴት ልጇ ሦስቴ ገባች። የመጨረሻውን እኔ ያዝኩ።

«ለምን የመጨረሻውን?» አሉኝ።

«ወሬ ላጠራቅም» አልኳቸው።

እውነቴን ነው። ልጄ ፀጉር ቤቷን ከዘጋች ጀምሮ ከመርፌው ይልቅ የጎዳት ወሬ ማጣት ነው። ማን ተጣላ፣ ማን አረገዘ፣ ማን ዊግ አደረገ፣ ምንም አትሰማም። ሰውም አይገባባትም። የልጅ ልጄ፣ ዘበኛዋ ነው የምላት፣ በር ላይ ወረቀት ለጥፋለች። እኔ ፊደል ብዙም አልዘልቅም፤ ግን ቀይ በቀይ ስለሆነ ገብቶኛል። ጉንፋን ያለበት ሰው እንዳይገባ ነው። የልጄ ነጩ ደሟ አንሷል፤ ጉንፋን እንኳ ሊጥላት ይችላል አሉ። ይኸው ስድስተኛው ዙር ራሱ በዚሁ የተነሳ አንድ ሳምንት ተገፍቶባታል።

እና ወሬው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሰሞኑን የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋ ነው አሉ፤ የማንም ትእዛዝ አይደለም አሉ። ለማን ነው ታዲያ? የሚነግረኝ ጠፋ። ለቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረን የክት ቀሚሴን ጠርዝ ቁጭ ብዬ ተረተርኩና «ስፋልኝ» ብዬ ሱቁ ገባሁ።

ሰፊው ያስላል። ረዳቱ ያስላል። አንድ ሰዓት ሙሉ አልተነሳሁም። ወሬውንም አገኘሁ፣ ጉንፋኑንም አገኘሁ።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ጉሮሮዬ ይከረክረኛል፣ ግንባሬ ይፋጃል። ብናገር ተራዬን ለዘበኛዋ ልሰጥ ነው። ማስኬን እስከ ዓይኔ ሳብኩት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ነርሷ ሙቀት እየለካች ነው የምታስገባው። እኔም ቧንቧው ጋ ሄጄ የአንገት ልብሴን ነክሬ ግንባሬ ላይ ያዝኩት። ተራዬ ሲደርስ መለኪያዋን ደቀነችብኝ።

«እናቴ፣ ሠላሳ አራት ይላል። በሕይወት አሉ?»

«ለጊዜው» አልኳት።

«ይሄ ባትሪ አልቆበታል» ብላ አስገባችኝ።

ልጄ ወንበሩ ላይ ጋደም ብላለች። ደም ሥሯ ጠፍቶ ሦስት ቦታ ወጓት። ያ መቀስ የሚያሾረው እጇ ነጥብ በነጥብ ጠቁሯል። መድኃኒቱን ሰቀሉላት።

«በይ ጠጋ በይና አውሪኝ» አለችኝ።

ጠጋ ስል አፍንጫዬን በላኝ። ማስነጠሴ ነው። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ተነሳሁ።

«እማዬ፣ የት ነው?»

«ሽንት ቤት።»

ኮሪደሩ ላይ ሦስቴ አስነጠስኩ። ከዚያ ነርሷን ጠራሁና «ጉንፋን አለብኝ። ግንባሬን በውሃ አቀዝቅዤ ነው የሸወድኩሽ» አልኳት። ያቺ ቀልደኛ ልጅ አልሳቀችም። ገብታ የተቀመጥኩበትን ወንበር በአልኮል ጠረገችው። የልጄን ሙቀት ለካች፤ ደህና ነው። ውጭ የቆመችው ዘበኛዋ ተጠራች።

«እማማ! ስንት ዓመትሽ ነው አንቺ?»

«ባውቀው መች ደብቄሽ!»

እሷ ገባች። እኔን አማቼ እጄን ይዞ ግቢው ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። አልተቆጣኝም። ስልክ ደወለና ድምፁን ከፍቶ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። በመስታወቱ ልጄን አያታለሁ።

«ሽንት ቤቱ ራቀብሽ?» አለችኝ።

«ዝም በይና ስሚ። ልብስ ሰፊው ሊያገባ ነው!»

አንዱንም ሳላስቀር አወራሁላት፤ ቀሚሱን፣ ዳንቴሉን፣ የእጅጌውን ቁልፍ። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «እትዬ፣ ትንሽ ድምፅ ጨመር» አሉኝ። ጨመርኩ። ግሉኮሱ ገና ግማሽ ነው፤ ሙሽራዋን መጨረሻ ላይ ልጠራ አስቤ ስጎትተው ቆየሁ።

«እና ሙሽሪት ማን ብትሆን ጥሩ ነው?» አልኳት።

«ባለ ዳቦ ቤቷ።»

ደነገጥኩ። ባለ ዳቦ ቤቷና ሰፊው በቱቦ ውሃ ሰበብ ሲሰዳደቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ማንም አይጠረጥርም።

«ማን ነገረሽ?»

«ራሷ። ሁለተኛውን ዙር እንደጨረስኩ ደወለችልኝ። ፀጉሬን አንቺ ካልሠራሽኝ አላገባም፣ ቀኑን ላንቺ ስንል ገፍተነዋል አለችኝ።»

«ታዲያ ለእኔ አትነግሪኝም?»

«ላንቺ?» አለችና ሳቀች። ዘበኛዋም ሳቀች። ሽማግሌውም፣ እግዜር ይይላቸው፣ ሳቁ።

ግሉኮሱ አለቀ፣ መርፌው ተነቀለ። ዘበኛዋ ባዶውን ከረጢት አንስታ በመስታወቱ አሳየችን። አማቼ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ስንመለስ ታክሲው ውስጥ እኔን ከፊት አስቀምጠው መስኮቱን ከፈቱብኝ። ልጄ ከኋላ ዓይኗን ጨፍና መጪዋን ሙሽራ በጣቶቿ አየር ላይ ሹሩባ ትሠራለች።

ቀሚሴ አሁንም ሰፊው ጋ ነው፤ ሙሽራ ይቀድማል ብሎኛል። ልጄን እስከ ማታ ድረስ አኮረፍኳት። ሦስት ወር ሙሉ ይሄን የመሰለ ወሬ ደብቃኝ! ከገዛ ሆዴ የወጣች ልጅ!